የጋሼ ሦስት ከረጢቶች፦ ከፍሪጅ ወደ ናይትሮጅን የገባ የደም ግንድ ሴል

«ሴሎቹን በረዶ ሊያደርጓቸው ነው» አልኳት እማዬን በስልክ። ረቡዕ ጠዋት ነው። እኔ ሕንድ ነኝ፣ እሷ ደብረ ማርቆስ። ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ «ውርጭ የመታው ድንች አይተሽ አታውቂም እንዴ?» አለችኝ።

አይቻለሁ። የእናቴ አገር ከጮቄ ተራራ ሥር ነው። በጥቅምትና በኅዳር ሰማዩ ጥርት ብሎ ሲያድር ውርጭ ይወርዳል። ጠዋት ማሳው ነጭ ለብሶ ይገኛል። ፀሐይ ሲመታው ቅጠሉ ይጠቁራል። ሳይለቀም ከአፈር በላይ ያደረ ድንች ደግሞ ሌሊት እንደ ድንጋይ ይጠጥራል፤ ረፋድ ላይ ሲነኩት እጅ ላይ ውሃ ይሆናል። እማዬ የፈራችው ይህንን ነው። ከወንድሟ ደም የወጣው ነገር እንደዚያ ድንች ሊሆን ነው ብላ።

ፍርሃቷ ከንቱ አልነበረም። ሴል ያለ ጥንቃቄ በረዶ ሲሆን የሚደርስበት ልክ እሱው ነው። ይህን ጉዳይ የምጽፈውም ለእሷ ጥያቄ ያገኘሁት መልስ ለሌላ ቤተሰብም ይጠቅማል ብዬ ስለማምን ነው። እኔ የላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ። ታማሚው የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው፤ ጋሼ እያልን ነው ያደግነው። እንድጽፍ ፈቅዶልኛል።

በሽታው

ጋሼ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነው። ሲታመም 54 ዓመቱ ነበር። ወገቡን ያመው ጀመር። ዘጠኝ ወር ሙሉ አንዴ ኩላሊት፣ አንዴ ዲስክ እየተባለ ማስታገሻ ሲውጥ ከረመ። እኔም ጥፋት አለብኝ። የደሙን ስላይድ በማይክሮስኮፕ ያየሁት ራሴ ነኝ። ቀይ ሴሎቹ እንደ ሳንቲም ተደርድረው ተደራርበዋል። ኢኤስአሩ (ቀይ ሴሎቹ ቱቦ ውስጥ የሚዘቅጡበት ፍጥነት) ከመቶ በላይ ነው። ወዲያው መጠርጠር ነበረብኝ። ኢንፌክሽን ይሆናል ብዬ አለፍኩት። ይህ እስከ ዛሬ ይቆረቁረኛል።

አዲስ አበባ መቅኒው ተወስዶ ሲታይ መልቲፕል ማይሎማ ሆኖ ተገኘ። ፕላዝማ ሴል የሚባሉት የመቅኒ ሴሎች ካንሰር ነው። አጥንቱን ከውስጥ የሚበላው እሱ ነበር። ለወራት መድኃኒት ወሰደ፤ በደንብም ተሻለው። ቀጥሎ ሐኪሙ ከፍ ያለ መጠን ሜልፋላን የሚባል የካንሰር መድኃኒት እና የራሱን የደም ግንድ ሴል (የደም ሴሎችን ሁሉ የሚያፈራውን ሴል) ንቅለ ተከላ መከሩት። ያኔ አገር ውስጥ ልናገኘው አልቻልንም። መምህራኑ አዋጡ፣ እድሩ አገዘ፣ እማዬ ሁለት በሬ ሸጠች። በ2015 ዓ.ም. ጥር መጨረሻ ላይ እኔና ጋሼ ሕንድ ሄድን።

የሕክምናው ሐሳብ ለገበሬ ልጅ አይከብድም። ሜልፋላን በከፍተኛ መጠን ሲሰጥ የማይሎማውን ሴሎች ያጭዳቸዋል። ግን መቅኒውንም አብሮ ያጭደዋል። መቅኒ የሌለው ሰው ቀይ ደም፣ ነጭ ደም፣ ደም የሚያረጋውን ፕሌትሌትም አይሠራም። ስለዚህ አስቀድሞ ከራሱ ደም ግንድ ሴሎች ይወሰዱና መድኃኒቱ በማይደርስበት ቦታ ይቀመጣሉ። መድኃኒቱ ሥራውን ጨርሶ ከሰውነት ሲወጣ ሴሎቹ በደም ሥር ይመለሳሉ። መንገዱን ራሳቸው ያውቁታል፤ ወደ አጥንት ገብተው እንደገና ያፈራሉ። ለዘር የሚቀመጥ እህል ማለት ነው። ክረምቱ ምንም ቢጨንቅ የማይነካው ማለት።

ታዲያ ዘሩ የሚቀመጥበት ጎተራ ምን ዓይነት ነው? የጋሼ ጉዳይ የተንጠለጠለው እዚያ ላይ ነበር።

ያለ በረዶ የታሰበው እቅድ

ግንድ ሴሎች በተለመደው ጊዜ ደም ውስጥ እምብዛም አይዘዋወሩም። ቤታቸው መቅኒ ነው። ወደ ደም እንዲወጡ ፊልግራስቲም የሚባል መርፌ በየቀኑ ይሰጣል። ጋሼ አጥንቱ ሁሉ እንደ ጥርስ አመመው፤ መቅኒው ሞልቶ ሲፈላ እንደዚያ ነው። በአምስተኛው ቀን፣ ሰኞ፣ አንገቱ ላይ በገባ ቱቦ ደሙ ወደ ማሽን እየሄደ ሴሎቹ ተለይተው ቀሩ፣ ሌላው ተመለሰለት። ደሙ እንዳይረጋ የሚጨመረው ሲትሬት የደሙን ካልሲየም ስለሚያስር ከንፈሩን ነዘረው። ካልሲየም ሰጡትና ተወው።

የግንድ ሴል ብዛት የሚለካው ሲዲ 34 በሚባል ምልክት ነው። ለአንድ ንቅለ ተከላ በታማሚው ክብደት ቢያንስ በኪሎ 2 ሚሊዮን ያስፈልጋል፤ 4 ወይም 5 ሚሊዮን ቢሆን ይመረጣል። ሰኞ የተገኘው 2.6 ሚሊዮን ነው። ማታ ፕሌሪክሳፎር የሚባል ሁለተኛ መርፌ ጨመሩለት። ይህ መርፌ ሴሎቹን ከመቅኒው የሚያስተሳስራቸውን ገመድ ይፈታል። ማክሰኞ 4.8 ሚሊዮን ወጣ። በሁለት ቀን 7.4 ሚሊዮን። እዚያ የምታክመው ሐኪም ፈገግ አለች። የሰኞው በአንድ ከረጢት፣ የማክሰኞው በሁለት ከረጢት እኩል ተከፍሎ ተቀመጠ።

የት? ፍሪጅ ውስጥ። በ4 ዲግሪ።

ብዙ ሰው ይህን አያውቅም። ለማይሎማ ታማሚ ሴሎቹን በረዶ ማድረግ የግድ አይደለም። ሜልፋላን በሰዓታት ውስጥ ከደም ስለሚጠፋ ሴሎቹ በማግስቱ ወይም በሁለተኛው ቀን ሊመለሱ ይችላሉ። እስከዚያ ደግሞ በ4 ዲግሪ መቆየት ይችላሉ። ሕንድ፣ ሜክሲኮ፣ አልጄሪያ፣ ኢራን ውስጥ እንዲህ የሚሠሩ ማዕከላት አሉ። ውድ ማሽን አይጠይቅም፣ ናይትሮጅን አይጠይቅም፣ ለታማሚው ዋጋውም ይቀንሳል። እኛም ይህን ስንሰማ ደስ አለን። እቅዱ ማክሰኞ ማታ ሜልፋላን፣ ሐሙስ ሴሎቹን መመለስ ነበር።

ፍሪጅ ግን ሴሉን አያቆመውም፤ ፍጥነቱን ብቻ ይቀንሳል። በ4 ዲግሪ ያለ ሴል እየተነፈሰ ነው፣ ስንቁን እየበላ ነው፣ ያለበትን ፈሳሽ እያኮመጠጠ ነው። ከረጢቱ ውስጥ ከተጨናነቁ ደግሞ ቶሎ ይደክማሉ። ሰዓቱ ይቆጥራል። 48 ሰዓት ደህና ነው፤ 72 ሰዓት ጫፍ ላይ ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚሞተው ይበዛል።

ማክሰኞ ሌሊት

ማክሰኞ ማታ ሜልፋላኑ ሊዘጋጅ ሲል ጋሼ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ብርድ ልብስ ደረብኩለት። ሙቀቱ 39.2 ሆነ። የአንገቱ ቱቦ ኢንፌክሽን ይዞ ነበር። ሐኪሟ መጥታ አየችው። «ዛሬ ሜልፋላን የለም» አለች። ኢንፌክሽን ያለበትን ሰው ነጭ ደም ሙልጭ አድርጎ ማጥፋት ገደል መክተት ነው። አንቲባዮቲክ ተጀመረ። ቱቦው ወጣ።

እኔ ግን ያየሁት ሰዓቱን ነው። የሰኞው ከረጢት ከወጣ ከ30 ሰዓት በላይ ሆኖታል። ትኩሳቱ በሁለት ቀን ላይበርድ ይችላል። ቢበርድም ደሙ ውስጥ ባክቴሪያ ከተገኘ ሳምንታት መጠበቅ ግድ ነው። ሴሎቹ ፍሪጅ ውስጥ ሳምንታት አይጠብቁም። ሁለት መንገድ ብቻ ቀረ። ሴሎቹን ጥሎ በኋላ እንደገና መሰብሰብ፣ ወይም አሁኑኑ በረዶ ማድረግ።

እንደገና መሰብሰብ ሲሉት ቀላል ይመስላል። መርፌው፣ ማሽኑ፣ ገንዘቡ እንደገና ነው። ከዚያም በላይ ሁለተኛ ጊዜ ያንን ያህል ሴል መገኘቱ ዋስትና የለውም። የማዕከሉ ላቦራቶሪ በናይትሮጅን የማስቀመጥ አቅም ነበረው። ረቡዕ ጠዋት፣ የሰኞው ከረጢት 42 ሰዓት ሲሞላው፣ ወሰኑ። እማዬን የደወልኩላት ያኔ ነው።

መንገዱ

የላቦራቶሪው ኃላፊ የሙያ ጓደኛ አድርጎ አስገባኝ። ለዚያ ሰው ምስጋናዬ ትልቅ ነው። ከመስታወቱ ወዲያ ቆሜ አየሁ፣ እሱም አስረዳኝ።

ድንቹን የሚገድለው ቅዝቃዜው ራሱ አይደለም። በረዶው ነው፤ ያውም በመንገድ ላይ። ከዜሮ በታች ትንሽ እስከ 50 እና 60 ዲግሪ ያለው ቁልቁለት ነው አደገኛው። ከዜሮ በታች 130 ዲግሪን አልፈው ከወረዱ በኋላ ምንም ነገር አይንቀሳቀስም። ውሃው እንደ መስታወት ቀጥ ይላል፤ ኬሚስትሪው ይተኛል፤ ሴሉ አይበላም፣ አይተነፍስም፣ አያረጅም ማለት ይቻላል። ችግሩ እዚያ ሳይሞቱ መድረስ፣ ኋላም ሳይሞቱ መመለስ ነው።

ቁልቁለቱ ላይ ሁለት ሞት ያደባል። ከሴሉ ውጭ ያለው ውሃ ቀድሞ በረዶ ይሆናል። ጨው በረዶ ውስጥ ስለማይገባ ባልረጋው ፈሳሽ ውስጥ ይጠራቀማል፤ ከሴሉ ውስጥ ውሃ ይስባል። በጣም ቀስ ካልክ ሴሉ በዚያ ጨው ውስጥ ብዙ ቆይቶ ደርቆ ይሞታል። በጣም ከፈጠንክ ደግሞ ውሃው ለመውጣት ጊዜ አያገኝም፤ እዚያው ሴሉ ውስጥ በረዶ ይሆንና እንደ ስለት ይቀደዋል። ፒተር ማዙር የሚባል አሜሪካዊ ሳይንቲስት ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1972 ይህን ሁለት ዓይነት ሞት በግልጽ አስቀመጠው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ የሴል ዓይነት የሚስማማ ፍጥነት አለ። ለደም ግንድ ሴል በደቂቃ ከ1 እስከ 2 ዲግሪ ነው።

ፍጥነት ብቻውንም አይበቃም። መከላከያ ፈሳሽ ያስፈልጋል። የጋሼ ሴሎች ላይ የተጨመረው ዲኤምኤስኦ ነው፣ 10 በመቶ። ወረቀት ከእንጨት ሲሠራ ከሚተርፍ ነገር የሚገኝ ፈሳሽ ነው። ሴሉ ውስጥ ገብቶ የውሃውን ቦታ ይጋራል፤ በረዶው እንዲያንስ፣ ጨውም እንዳይከር ያደርጋል። ታሪኩ ደግሞ ከዶሮ ይጀምራል። እ.ኤ.አ. በ1949 እንግሊዝ አገር ክሪስቶፈር ፖልጅ፣ ኦድሪ ስሚዝ እና አለን ፓርክስ የአውራ ዶሮን የዘር ፈሳሽ በግሊሰሮል ጠብቀው በረዶ አድርገው ሕያው መለሱት። ግሊሰሮሉን ያገኙት በተሳሳተ ምልክት የተለጠፈበት ጠርሙስ ምክንያት ነው፤ የስኳር ፈሳሽ መስሏቸው ነበር። ዲኤምኤስኦ እ.ኤ.አ. በ1959 በጄምስ ላቭሎክ በኩል መጣ።

ዲኤምኤስኦ ግን ጠባቂም መርዝም ነው። በክፍል ሙቀት ሴሉ ጋር ብዙ ከቆየ ይጎዳዋል። ስለዚህ ቀዝቅዞ፣ ቀስ በቀስ እየተጨመረ፣ ከረጢቱ እየተወዛወዘ ይደባለቃል፤ ከዚያ ጊዜ ሳይባክን ወደ ማሽኑ። ከረጢቶቹ ስስ ብረት ውስጥ ተነጥፈው ገቡ። ስስ የሚሆኑት ቅዝቃዜው መሐሉንም ዳሩንም እኩል እንዲያገኘው ነው። ማሽኑ በደቂቃ አንድ ዲግሪ እያለ ይወርዳል፤ ሙቀቱን ወረቀት ላይ ይስላል።

አንድ ቦታ ላይ መስመሩ ዘለል አለ። ደነገጥኩ። ሰውየው ረጋ ብሎ ነገረኝ። ውሃ በረዶ በሚሆንበት ቅጽበት ሙቀት ይለቃል። ማሽኑ ያንን ቀድሞ አውቆ ቅዝቃዜ ካልጨመረ ሴሎቹ በጣም አደገኛው ቦታ ላይ ቆመው ይቀራሉ። የጥሩ ሥራ ምልክቱ ያቺ ጉብታ ትንሽና አጭር መሆኗ ነው። የጋሼ ትንሽ ነበረች። የወረቀቱን ቅጂ ለመንኩት። ሰጠኝ።

የላም ዶክተር

ማታ ለእማዬ ይህን ሁሉ በስልክ ላስረዳት ሞከርኩ። አልሆነም። እኔ ጨው ስል እሷ ስለ ወጥ ታስባለች። ከዚያ ከጎኗ «እስቲ ስልኩን ስጪኝ» የሚል ድምፅ ሰማሁ።

ጎረቤታችን ናቸው። ለረጅም ዓመታት በምሥራቅ ጎጃም ገጠር ላም ሲያዳቅሉ የኖሩ ባለሙያ። ሰፈሩ «የላም ዶክተር» ይላቸዋል። ቤታቸው በረንዳ ላይ ያ የማውቀው የናይትሮጅን ኮንቴይነር አለ፤ አንገቱ ጠባብ፣ ሆዱ ሰፊ፣ ክዳኑ ሲከፈት ጭስ የሚተፋ። ልጆች ሆነን ጭሱን ለማየት እንሰለፍ ነበር። ውስጡ የኮርማ አባለዘር አለ፤ በቀጭን ቀሰም የተሞላ፣ እያንዳንዱ ሩብ ሚሊ ሊትር፣ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ የተነከረ። እናቴ ቤት ያለችው ክልስ ላም የተወለደችው ከዚያ ኮንቴይነር ነው።

የነገርኳቸውን ሰሙ። ከዚያ እማዬን እንዲህ ሲሏት ሰማሁ። «እትዬ፣ ቡሬዋ ላምሽ እኮ በረዶ ነበረች። አባቷ ከሞተ ቆይቶ ነው የተወለደችው።»

እማዬ ሳቀች። በዚያ ሳምንት የመጀመሪያ ሳቋ ነው። እኔ በግማሽ ሰዓት ያልቻልኩትን እሳቸው በአንድ ዐረፍተ ነገር ጨረሱት።

ከዚያ ወደ እኔ ተመለሱና ይጠይቁኝ ጀመር። ጥያቄዎቻቸው ከእኔ የተሻሉ ነበሩ። «ስንት ጊዜ ነው ከታንኩ የሚወጣው?» አሉ። እሳቸው ቀሰም ሲያወጡ ማንጠልጠያውን ከአንገቱ በላይ አያሳልፉም። ከጥቂት ሰኮንድ በላይ ከቆየ መልሰው ቢከቱትም ተጎድቷል፤ ዓይን አያየውም፣ ላሟ ናት የምትናገረው፣ አትይዝም። «ናይትሮጅኑን ማን ነው የሚሞላው? ቅዳሜና እሑድስ?» አሉ። ናይትሮጅን ክዳኑ ተዘግቶም ቀን ከሌት ይተናል። መንገድ ተዘግቶ ወይም መኪና ተበላሽቶ ናይትሮጅን ሳይመጣ ሲቀር የአንድ ወረዳ አባለዘር አንድ ሌሊት ላይ ሲያልቅ አይተዋል። «ሲቀልጥስ በምንድን ነው?» አሉ። ሞቅ ባለ ውሃ፣ በ37 ዲግሪ ስላቸው «እንዲያ ነው» አሉ። በብብታቸው የሚያቀልጡ ባልደረቦች እንዳሉ ነገሩኝ። እየተናደዱ ነው የነገሩኝ።

ሁለቱ አንድ ዓይነት ናቸው ማለቴ አይደለም። የኮርማ አባለዘር ግሊሰሮል ይወዳል፣ ቁልቁለቱንም ከግንድ ሴል በጣም ፈጥኖ ይወርዳል። የደም ግንድ ሴል ውሃው ስለሚበዛ ቀስታ ይፈልጋል። ግን ሕጉ አንድ ነው። ቀስ ብሎ በልኩ መውረድ፣ እዚያ ሳይነቃነቁ መቆየት፣ ፈጥኖ መመለስ።

38 ቀን

የጋሼ ደም ውስጥ ባክቴሪያ ተገኘ። ሁለት ሳምንት አንቲባዮቲክ፣ ከዚያ ማገገም። ከረጢቶቹ 38 ቀን ታንክ ውስጥ ቆዩ። ፈሳሹ ውስጥ ሳይነከሩ፣ ከፈሳሹ በላይ ባለው ትነት ውስጥ። ለምን እንደሆነ ጠየቅኩ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ እንግሊዝ ውስጥ አንድ የተቀደደ ከረጢት ሄፓታይተስ ቢ ወደ ናይትሮጅኑ አፍስሶ ሌሎች ታማሚዎችን እንዳስያዘ ነገሩኝ። ቫይረስም በናይትሮጅን አይሞትም፤ እሱም ተኝቶ ይቆያል። ትነቱ ከዜሮ በታች 150 ዲግሪን አልፎ እስከቀዘቀዘ ድረስ ለሴሎቹ ይበቃል።

በዚህ ጊዜ ውስጥ የተደረገው ዋናው ነገር አንድ ምርመራ ነው። ሴሎቹ በረዶ ሲሆኑ ከየከረጢቱ ጥቂት ተቀንሶ በትናንሽ ብልቃጥ አብሮ ገብቶ ነበር። ሜልፋላን ከመሰጠቱ በፊት ብልቃጦቹ ቀለጡ፤ ስንቱ ሴል በሕይወት እንዳለ ተቆጠረ። ሐኪሟ ይህን ሳታይ አንዲት ጠብታ ሜልፋላን አልሰጥም አለች። ትክክል ናት። ሜልፋላን ከገባ በኋላ ከረጢቱ ውስጥ ያለው የሞተ ሴል ነው ቢባል መመለሻ የለም።

የማክሰኞው ሴል 88 በመቶ ሕያው ነው። የሰኞው 71 በመቶ። ሁለቱም በአንድ ማሽን፣ በአንድ ቀን፣ በአንድ እጅ ነው የቀዘቀዙት። ልዩነታቸው ፍሪጅ ውስጥ ያሳለፉት ሰዓት ነው። የሰኞው 42፣ የማክሰኞው 18። በአንድ ሰው ጉዳይ ሕግ አይወጣም፤ ሌላም ምክንያት ሊኖረው ይችላል። ግን እኔ ያቺን 71 አልረሳትም። ሴሎቹ በወጡ ዕለት በረዶ ቢሆኑ ኖሮ እላለሁ። ያኔ ደግሞ ርካሹ እቅድ ያዋጣ ነበርና ማንንም አልወቅስም።

ቀጥሎ የትኛው ከረጢት ይሰጥ የሚለው መጣ። እኔ ሁለቱን ጥሩዎች ስጡት ብዬ ለመንኩ። ሐኪሟ እምቢ አለች። የሰኞውንና ከማክሰኞዎቹ አንዱን አብረን እንስጠው፣ ሕያው የሆኑት ብቻ ተቆጥረው በኪሎ ወደ 4 ሚሊዮን ይሆናሉ፣ ይበቃሉ፤ ጥሩው ሦስተኛ ከረጢት ይቀመጥ አለች። ማይሎማ ብዙ ጊዜ ተመልሶ ይመጣል። ቢመጣ ሁለተኛ ንቅለ ተከላ ሊያስፈልግ ይችላል፤ ያኔ ብቻውን የሚበቃው የማክሰኞው ነው። ለማዳን ስትሯሯጥ ስለ ነገ የምታስብ ሐኪም ማግኘት ትልቅ ዕድል ነው። ዛሬ እሷ ልክ እንደነበረች አውቃለሁ።

ነጭ ሽንኩርት

ሜልፋላኑ ሲገባ ጋሼ በረዶ እያኘከ ነበር። አፉ ሲቀዘቅዝ የአፉ ደም ሥሮች ይጠባሉ፤ መድኃኒቱ ወደዚያ እምብዛም አይደርስም፤ አፉ አይቆስልም። በረዶ በዚህ ሁሉ መሐል ስንት ሥራ እንደሠራልን ሳስበው ይገርመኛል።

ሴሎቹ የመጡበት ቀን አጭር ነው። የላቦራቶሪው ሰው ናይትሮጅን የሞላ ዕቃ እየገፋ አልጋው ድረስ መጣ። የጋሼ ስምና ቁጥር ሁለት ጊዜ ተነበበ። ከረጢቱ 37 ዲግሪ ውሃ ውስጥ ገብቶ በእጅ ቀስ ብሎ ተወዘወዘ። በደቂቃዎች ውስጥ ያ ድንጋይ የመሰለ ነገር ቀይ ፈሳሽ ሆነ። ልክ እንደ ድንቹ። ግን ይህኛው ሕያው ነው። በረዶው እንደጠፋ፣ ሳይሞቅ፣ ወዲያው ወደ ደም ሥሩ።

ጋሼ ጉሮሮውን በላው፤ አስመለሰው። ክፍሉ ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት አለ። ዲኤምኤስኦ በሳንባ ሲወጣ እንዲህ ይሸታል፤ አንድ ሁለት ቀን ይቆያል። ሽንቱም ቀላ፤ በረዶውን ያልቻሉት ቀይ ሴሎች ፈንድተው ነው። ይህን አስቀድመው ነግረውን ስለነበር አልፈራንም። ያልተነገረው ቤተሰብ ግን ደም እየሸና ነው ብሎ ሊጮህ ይችላል።

ከዚያ መጠበቅ። ነጭ ደሙ ወደ ዜሮ ወረደ። ፕሌትሌትና ደም ተሰጠው። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ኒውትሮፊሉ (ባክቴሪያ የሚዋጋው ነጭ ደም) ከ500 በላይ ሆነ፤ በማግስቱም፣ በሦስተኛውም ቀን። ሦስት ቀን ተከታትሎ ከ500 በላይ ከሆነ ሴሎቹ ሥር ሰደዱ ይባላል። እማዬን ደወልኩላት። «በቀለ» አልኳት። ሌላ ቃል አላስፈለገንም።

ሚያዝያ ላይ ደብረ ማርቆስ ገባን። የማቀዝቀዣ ማሽኑን የሙቀት መስመር የያዘውን ወረቀት ለጎረቤታችን ወሰድኩላቸው። መነጽራቸውን አድርገው መስመሩን በጣታቸው ተከተሉ። ጉብታዋ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። «ይህቺ ናት» አሉ። ማንም አልነገራቸውም።

እኔ እስከዚያ ድረስ ይህ ሁሉ ለእኛ አገር የሩቅ ነገር ነው ብዬ አስብ ነበር። ብዙው ሩቅ ነው። ሲዲ 34 የሚቆጥር ማሽን፣ የማይቋረጥ መብራት፣ ለወራት ንጹሕ አየር ያለው ክፍል፣ ሌሊት ደም የሚሰጥ ባንክ ያስፈልጋል። ግን ከማቀዝቀዙ የሚጀምር ችግር አይደለም። በ4 ዲግሪ የሚሠራው መንገድ አለ። ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ በሚወርድ ፍሪዘር ውስጥ ብቻ አስቀምጠው ለወራት በደህና የሚያቆዩ ማዕከላትም በዓለም አሉ፤ ለዚያ ደግሞ ዲኤምኤስኦውን 5 በመቶ አድርገው ሌላ መከላከያ ይጨምሩበታል። ናይትሮጅን ደግሞ በጎጃም ገጠር መንገድ ላይ በፒክአፕና በሞተር ሲመላለስ ኖሯል። የሚጠነቀቁለት ሰዎችም አሉ። ስለ ሕዋስ ጥበቃ ሥልጠና ሲታሰብ ሆስፒታል ብቻ አይታሰብ፤ የከብት ባለሙያዎቹም ይጠየቁ። ይህን የምለው ከልቤ ነው።

ሦስተኛው ከረጢት

ሦስተኛው ከረጢት አሁንም እዚያው ነው። በየዓመቱ መጋቢት ላይ የማስቀመጫ ክፍያ አለ። በመጀመሪያው ዓመት ቤተሰቡ ተጨቃጨቀ። ጋሼ ደህና ነው፣ ክፍል ገብቶ ያስተምራል፣ ለበረዶ ምን ገንዘብ ይከፈላል የሚል ነበር። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ከተለቀቀ በኋላ ሂሳቡ በብር ሲታሰብ እጥፍ ገደማ ሆነ፤ ጭቅጭቁም እንደዚያው። ኢንተርኔት በጠፋባቸው ወራት ደብዳቤ የሚላክበት መንገድ እንኳ አልነበረንም፤ አዲስ አበባ ያለች የአጎቴ ልጅ ናት የከፈለችልን። ነገሩን የቆረጠችው እማዬ ናት። «ዘር አይበላም» አለች። ከዚያ ወዲህ ማንም አላነሳውም።

የዘንድሮው ደረሰኝ የመጣ ዕለት ጎረቤታችን በረንዳቸው ላይ ነበሩ። አነበብኩላቸው። አንድ ከረጢት፣ በትነት ውስጥ፣ የመጨረሻው ንባብ ከዜሮ በታች 182 ዲግሪ።

«ደህና ነው» አሉ። የራሳቸውን ኮንቴይነር ክዳን አነሱ፤ ጭሱ እግራቸው ሥር ፈሰሰ። የመለኪያውን ዘንግ ከተው ጥቂት ቆጠሩና አወጡት። አየር ላይ ወዘወዙት። ዘንጉ ላይ ነጭ ውርጭ ወጣ፤ እስከ አሥራ ስምንት ሳንቲሜትር።

«እስከ ዓርብ ያቆየኛል» አሉና ክዳኑን ገጠሙት።